ምዕራፍ ሰባት፦ ጉሮሮዎ ከዚህ በፊት ተነክቶ ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ1887 መግቢያ ላይ የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሪድሪክ ድምፃቸው ጎረነነ። 55 ዓመታቸው ነበር። ጉንፋን ያመጣው ነው ተብሎ ሳምንታት ቢያልፉም ድምፁ ሊጠራ አልቻለም። በማርች ወር የበርሊኑ ፕሮፌሰር ካርል ገርሃርት በመስታወት ጉሮሯቸውን ሲያዩ በግራው የድምፅ አውታር ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት አገኙ። በሽቦ ቀለበት ሊነቅሏት ሞከሩ፤ አልያዝ አለቻቸው። ቀጥለው በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ለቀናት ደጋግመው አቃጠሏት። ጠፋች ሲባል ተመልሳ በቀለች።

በሜይ ወር ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ኤርንስት ፎን ቤርግማን ተጠሩና ካንሰር ጠረጠሩ። ማንቁርቱን ከፊት ለፊት ከፍተው እብጠቱን ሊያወጡ ቀን ተቆረጠ። ከለንደን የመጡት የጉሮሮ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ግን ናሙና ሳይመረመር ቢላ መነሳት የለበትም የሚል አቋም ያዙ። በመቆንጠጫ ጥቂት ሥጋ ቆርጠው አወጡ፤ ናሙናውም በዚህ ሥራ በዘመኑ አቻ ላልነበራቸው ለሩዶልፍ ፊርሾ ተላከ። ፊርሾ ካንሰር አላገኙበትም። ተደግሞ ቢላክላቸውም መልሳቸው ያው ሆነ፤ ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በኖቬምበር ግን በጣልያኗ ሳን ሬሞ የተሰበሰቡ ሐኪሞች በሽታው ካንሰር ነው አሉ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 ትንፋሽ ስላጠራቸው አንገታቸው ተበስቶ የመተንፈሻ ቱቦ ገባላቸው፤ በማርች አባታቸው ሲሞቱ ነገሡ፤ 99 ቀን ገዝተው ጁን 15 ቀን አረፉ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጀርመኖቹና በእንግሊዛዊው ሐኪም ጠብ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ክርክር ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ከአልጋ ወራሹ ጉሮሮ የሞተ ሥጋ በሳል ሲወጣ፣ የማንቁርቱ ልም አጥንት ሽፋን ተቆጥቶ ነው ወይስ ካንሰር በልቶት ነው የሚለው ጥያቄ ሐኪሞቹን ከፋፈለ። ማኬንዚ ለረጅም ጊዜ ያዘነበሉት ወደ መጀመሪያው ነበር። ሐሳቡ በዘመኑ ከንቱ የሚባል አልነበረም። ማንነቱ ያልታወቀ እብጠት፣ ደጋግሞ የተቃጠለ ቦታና የተቆጣ ልም አጥንት በአንድ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን መልክ ይይዛል። ነገሩን የለየው የአስከሬን ምርመራው ነው፤ ካንሰር ነበር።

በዚህ ምዕራፍ የምንነጋገረው ግን ዕድላቸው ከፍሪድሪክ ተቃራኒ ስለሆነ ሰዎች ነው፤ እብጠታቸው በእርግጥም ካንሰር ያልሆነ፣ ልም አጥንታቸው ግን በፎቶ ሲታይ የሚያስደነግጥ። ካንሰር ያልሆነ የጉሮሮ እብጠት ከካንሰሩ እጅግ ይበዛል። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ብዙዎቹን ከከንቱ ድንጋጤና ከማያስፈልግ ቢላ የሚያድናቸው አንድ ጥያቄ በትክክል መጠየቁና በትክክል መመለሱ ነው፤ ከዚህ በፊት ጉሮሮዎ ወይም አንገትዎ ተነክቶ ያውቃል?

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የራስዎን አንገት ይዳስሱ። ጣትዎን አገጭዎ ሥር አድርገው መሃል ለመሃል ቀስ እያሉ ወደ ታች ይውረዱ። ከላይ ጫፉ ስርጉድ ያለ ጠንካራ ጉብታ ያገኛሉ። ምራቅዎን ሲውጡ ከጣትዎ ሥር ወደ ላይ ሸሽቶ ይመለሳል። ይህ የታይሮይድ ልም አጥንት ነው። ዝቅ ብላ ያለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ በዚሁ ስም ብትጠራም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የልም አጥንቱ ሁለት ገጾች በወንድ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚገናኙ ወደ ፊት ይሾላል፤ በሴት ላይ ወደ 120 ዲግሪ ስለሚከፈት አይጎላም። ጣትዎን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉ ለስላሳ ስርጉድ ቦታ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ እንደገና ጠንካራ ነገር ይነካሉ። እሱ ክሪኮይድ ነው፤ ከፊቱ ጠበብ፣ ከኋላው ሰፋ ያለ ቀለበት።

ክሪኮይድን አደራ ልብ ይበሉት። ከማንቁርት እስከ ሳንባ በሚወርደው የትንፋሽ መንገድ ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ሙሉ ቀለበት እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ያሉት የአየር ቧንቧ ቀለበቶች ከኋላቸው ክፍት ናቸው። በክሪኮይድ ውስጥ ያለ ሥጋ ሲያብጥ ወደ ውጭ የሚገፋበት ቦታ ስለሌለው ወደ ውስጥ ብቻ ያብጣል፤ የሚጠበውም የትንፋሽ መተላለፊያው ነው። በጣት የማይደረስባቸው ሁለት ትናንሽ ልም አጥንቶች፣ አሪቴኖይዶች፣ በክሪኮይድ የኋላ ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። የድምፅ አውታሮች የኋላ ጫፍ የተያያዘው በእነሱ ላይ ነው፤ እነሱ ሲዞሩ አውታሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንውጥ ማንቁርትን የሚከድነው ኤፒግሎቲስና ሌሎች ጥቃቅኖች ሲጨመሩ የማንቁርት ልም አጥንቶች ዘጠኝ ይሆናሉ።

ዘጠኙም ግን እኩል አያረጁም። ኤፒግሎቲስ እንደ ጆሮ የሚለጠጥ ዓይነት ስለሆነ ዕድሜ ልኩን ልም አጥንት እንደሆነ ይቆያል። ታይሮይድ፣ ክሪኮይድና አብዛኛው የአሪቴኖይድ ክፍል ግን ሰው 20ዎቹን ሲጀምር ቀስ በቀስ ወደ እውነተኛ አጥንትነት መለወጥ ይጀምራሉ። ካልሲየም ይገባባቸዋል፣ የደም ሥር ይዘልቃቸዋል፣ መሃላቸው ላይ መቅኔ ሳይቀር ይሠራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ እንደ ሽበት ነው ማለትም አይቻልም፣ ምክንያቱም ሽበት ከሚመጣበት ዘመን ቀድሞ ይጀምራል። ችግሩ ለውጡ እኩል አለመሄዱ ነው። አዲስ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ አንዱ ጥግ ነጥቶ ሌላው ገና እርጥብ እንደሚሆነው፣ ልም አጥንቱም አንድ ቦታ ጠንክሮ ሌላ ቦታ እንደነበረ ይቀራል። ግራና ቀኙም ላይመሳሰል ይችላል።

አሁን ይህን ማንቁርት ሲቲ ስካን ውስጥ እናስገባው። አጥንት የሆነው ክፍል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያልጠነከረው ግን ግራጫ ነው። ያ ግራጫ ከሥጋና ከእብጠት ግራጫ ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ በነጩ መስመር መሃል ያለ ክፍተት፣ እብጠት ከጎኑ ሲኖር፣ የተበላ አጥንት ይመስላል። ለተመልካቹ ሐኪም አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱ ገና ያልጠነከረ ቦታ ይሁን ወይስ በበሽታ የተበላ? ሌላም አለ። አንዱ አሪቴኖይድ ከሌላው ይበልጥ ነጥቶና ጠጥሮ ሊታይ ይችላል። ካንሰር ከጎኑ ሲኖር ልም አጥንት እንዲህ እንደሚጠጥር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ይኸው መጠጠር ይታያል። ኤምአርአይ በበኩሉ ልም አጥንት ውስጥ የገባን ነገር ለማየት ዓይኑ ስለታም ነው፤ ሆኖም ብግነትና እብጠት በኤምአርአይም መልካቸው ከዕጢ ጋር ስለሚቀራረብ የሌለውን እንዳለ ሊያስቆጥር ይችላል።

የራዲዮሎጂ ውጤት ወረቀት ላይ «የልም አጥንት ለውጥ ታይቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሕመምተኛ ቤቱ ሳይገባ ራሱን መቅበር የለበትም። ያ ዐረፍተ ነገር ምልከታ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የሚመጣው ሐኪሙ በዓይኑ ካየው፣ ናሙናው ከሚናገረውና ሕመምተኛው ከሚያወራው ታሪክ ጋር ሲገጣጠም ነው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ታሪኩ ነው።

ታሪኩ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? መልሱ በልም አጥንት ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ያልጠነከረ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡንና አየሩን የሚቀበለው ላዩን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ሰርጎ ሲደርሰው ነው። ሽፋኑ ከተላጠ፣ ከተቃጠለ ወይም ከቆሰለ ከሥሩ ያለው ልም አጥንት ይራባል። ሲጎዳም የሚድነው በዝግታ፣ ብዙ ጊዜም በጠባሳ ነው። ቆዳ በሳምንት የሚረሳውን ጉዳት ልም አጥንት ለዓመታት ይዞት ይኖራል።

ሽፋኑን ከሚያቆስሉት ነገሮች ሁሉ በዘመናችን ዋነኛው ሕይወት አዳኙ የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ለወሰደ ወይም በፅኑ ሕሙማን ክፍል በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሰው ቱቦ በአፉ ገብቶ በድምፅ አውታሮቹ መሃል ያልፋል። ቱቦው ክብ ነው፣ የአውታሮቹ መክፈቻ ግን ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ፣ በሁለቱ አሪቴኖይዶች ውስጠኛ ገጽና በክሪኮይድ ጀርባ ላይ ነው። ከታች ደግሞ አየር እንዳያመልጥ የምትነፋ ፊኛ አለች። የፊኛዋ ግፊት በ20 እና በ30 ሴንቲሜትር ውኃ መካከል እንዲሆን የሚፈለገው ከዚያ ካለፈ በቧንቧው ልባስ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚታነቁ ነው። ደም ያጣ ልባስ ይቆስላል፤ ቁስሉ ወደ ልም አጥንቱ ሽፋን ይወርዳል፤ ሰውነትም ቁስሉን ሊሞላ ሥጋ ያበቅላል።

ያ ሥጋ ግራኑሎማ ይባላል። የአንገት በላይ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራውን በአፍንጫ አስገብቶ ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ በአውታሩ የኋላ ክፍል፣ ልክ የአሪቴኖይዱ ሹል ጫፍ ባለበት ላይ፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ ቀላ ያለ ወይም ገርጣ ያለ ጉብታ። አንዳንዴ መሃሉ ላይ ቦይ ይኖረዋል፣ ለሁለት የተከፈለ እስኪመስል። ቦዩን የሠራው ከወዲያ ማዶ ያለው አሪቴኖይድ ነው፤ ሰውየው በተናገረና በሳለ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ እየመጣ ይመታዋል። ሕመምተኛው ድምፁ ጎርንኗል፤ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር የተሰነቀረ ይመስለዋል፤ በየሰዓቱ እህ እህ ይላል፤ እህ ባለ ቁጥር ደግሞ ጉብታውን ያቆስላል። ከሥሩ ያለው አሪቴኖይድ በሲቲ ስካን ጠጥሮ ሊታይ ይችላል። ከቱቦ በኋላ የሚመጣው ግራኑሎማ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ማንቁርታቸው ጠበብ ስለሚል ቱቦው ይጫናቸዋል። ቱቦ ሳይገባ፣ በጨጓራ አሲድና በድምፅ ጫና የሚመጣው ግን በወንዶች ይበዛል። ፊርሾ ራሳቸው በፍሪድሪክ ዘመን በዚሁ የአውታር ክፍል ላይ ስለሚታይ ካንሰር ያልሆነ የልባስ መወፈር ጽፈዋል፤ በአልጋ ወራሹ ናሙና ላይ ያዩትም እንዲህ ያለውን መወፈር ነበር።

ይህን ጉብታ ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ቆርጦ መጣል ነው። እኔ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እወዳለሁ፤ ግራኑሎማን ተጣድፎ መቁረጥ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው ልም አጥንት እንደገና ይገለጣል፤ ሽፋኑ እንደገና ይቆስላል፤ ሰውነት እንደገና ሥጋ ያበቅላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆርጦ የበቀለበት ሰው ሲመጣ አዲሱ ሐኪም የሚያየው እየተመለሰ የሚያድግ እብጠትና የተለወጠ ልም አጥንት ነው፤ የካንሰርን መልክ ከዚህ በላይ የሚመስል ነገር የለም። የሚሻለው የጨጓራ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ድምፅን በአግባቡ የመጠቀም ሥልጠና፣ አንዳንዴም የሚሳብ ስቴሮይድ ወይም አውታሩን ለጊዜው የሚያሳርፍ የቦቱሊነም መርፌ፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ነው። ወራት ይወስዳል። ቢላ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ሲዘጋ ወይም ካንሰር በእውነት ሲጠረጠር ነው።

ቁስሉ በክሪኮይድ ዙሪያ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። እዚያ የሚበቅለው ሥጋ ጠንክሮ ጠባሳ ይሆንና ቀለበቱን ከውስጥ ያጠብበዋል። ምልክቱ የሚመጣው ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ እንኳን ማረህ ብሎት ከተመለሰ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል። አስም ተብሎ የአስም መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። ከጥቂት ወራት በፊት በፅኑ ሕሙማን ክፍል ቱቦ ገብቶለት እንደነበር ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ከአስም ጋር ምን አገናኘው ብሎ አልተናገረም።

ቱቦ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ቼቫሊየር ጃክሰን ወደ እሱ የሚላኩት የጠበበ ማንቁርት ያላቸው ሕሙማን አብዛኞቹ አንገታቸው ሲበሳ ቀዳዳው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ፣ ክሪኮይድን ነክቶ የተሠራባቸው መሆናቸውን ጻፈ። ዛሬ አንገት ሲበሳ ከክሪኮይድ ርቆ ሁለተኛውና ሦስተኛው የቧንቧ ቀለበት አካባቢ የሚከፈተው በዚያ ትምህርት ነው። አሁንም ግን በድንገተኛ ሰዓት፣ በመኪና አደጋ፣ ከፍ ብሎ የተበሳ አንገት ይገጥማል። ጠባሳው ከውጭ ትንሽ ነው፤ ከውስጥ ያለው ልም አጥንት ግን ተጣሞ፣ ተሰብሮ ወይም ጎድሎ ሊገኝ ይችላል።

የማንቁርት ኪንታሮት ያለባቸው ልጆች ነገር ለብቻው መጽሐፍ ይገባው ነበር። በፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለይ በ6ኛውና በ11ኛው ዓይነት፣ የሚመጣ ካንሰር ያልሆነ እድገት ነው፤ ነገር ግን ተነቅሎ ተነቅሎ ይበቅላል። አንድ ልጅ በልጅነቱ ብቻ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ ይችላል። ቫይረሱ ጤነኛ በሚመስለው ልባስ ውስጥም ስለሚኖር ጠልቆ መቁረጥ በሽታውን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው አውታሩን ነው። ብልህ እጅ ለትንፋሽ የሚበቃውን ያህል ያነሳና ይመለሳል፤ ሁለቱ አውታሮች ከፊት በሚገናኙበት ጥግ ደግሞ ግራና ቀኙን በአንድ ቀን አይነካም፣ ሲድኑ ተጣብቀው ይቀራሉና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ወቅት እንዲህ ያሉ ልጆች በጨረር ይታከሙ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ ካንሰር መጣ። ሰው በልጅነቱ ጉሮሮው ጨረር አግኝቶ እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ጨረር የነካው ልም አጥንት ከዓመታት በኋላም በናሙና አወሳሰድ ቁስል ሰበብ ሊሞት ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ አንገት ላይ ከሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል እንቅርት ትልቅ ቦታ አለው። በደጋው የአፈርና የውኃ አዮዲን ማነስ ለትውልዶች እናቶቻችንን አንገታቸውን አሳብጦ ኖሯል። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ለ20 እና ለ30 ዓመት የአየር ቧንቧን ከጎን ሲገፋ፣ ሲያጣምም የኖረ ትልቅ እንቅርት የቧንቧውን ቀለበቶች ሊያሳሳና ሊያላላ ይችላል። ሲገፋው የኖረው ዕጢ ከወጣ በኋላ የላላው ቧንቧ አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም የማደንዘዣ ባለሙያው ቀድሞ እንዲያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከቧንቧው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ነርቩ ነው። ወደ ማንቁርት የሚመለሰው ነርቭ በታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ ቧንቧውን ተጠግቶ ይወጣል። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ይህንን ነርቭ በአሳማ ላይ ቆርጦ እንስሳዋን ድምፅ አልባ አድርጎ አሳይቷል። በመጀመሪያ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነርቩ ካልታየና ካልተጠበቀ የአንድ ወገን አውታር ሽባ ሊሆን ይችላል። አስገራሚው ነገር ድምፅ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ጤነኛው አውታር መሃሉን አልፎ ሽባው ጋ እየደረሰ ስለሚያካክስ ሰውየው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ድሮው ያወራል። እንቅርቱ ተመልሶ አድጎ ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ግን አንገቱ በጠባሳ ተያይዟል፣ ነርቩን መለየት ይከብዳል። ጤነኛው ወገን ነርቭ ያኔ ቢጎዳ ሁለቱም አውታሮች መሃል ላይ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ሁለተኛ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር አውታሮቹ በካሜራ ሳይታዩ ጠረጴዛ ላይ መውጣት የለበትም። ይህን በሕመምተኛው ቦታ ሆኜ ብጠየቅ አጥብቄ የምጠይቀው ነገር ነው።

በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«እማማ፣ ጉሮሮዎ ላይ ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም ልጄ።»

«ለሌላ ሕመምስ ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ያውቃሉ? ሆስፒታል ተኝተው በአፍዎ ቱቦ የገባበት ጊዜ?»

«እሱማ የሐሞት ጠጠሩ የወጣልኝ ጊዜ። ስነቃ ጉሮሮዬ ተልጦ ነበር።»

«በልጅነትዎ እንጥልዎ ተቆርጧል?»

«እሱንማ ማን ቀረ ብለህ ነው!»

እማማ አልዋሹም። ለእሳቸው ኦፕራሲዮን ማለት የተቆረጠና የተሰፋ ነው። ቱቦ የሐሞት ጠጠሩ ታሪክ አካል ነው፤ እንጥል ደግሞ ሕክምና ሆኖ አልተቆጠረም። እንጥል ውስጥ ልም አጥንት የለም፤ ነገር ግን በቤት ምላጭ መቆረጡ ደም ማፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ከማምጣቱ ሌላ ላንቃውን በጠባሳ ለውጦ ሊተወው ስለሚችል፣ ጉሮሮን የሚያየው ሐኪም አዲስ በሽታ እንዳይመስለው ማወቅ አለበት። ጥፋቱ የአጠያየቁ ነው። «ኦፕራሲዮን» ተብሎ ሲጠየቅ ከሚገኘው መልስ ይልቅ ቱቦው፣ ማደንዘዣው፣ የአንገት ጠባሳው፣ እንጥሉ፣ ጨረሩ ለየብቻ ሲጠየቅ የሚገኘው እጅግ ይበልጣል።

ምርመራውም ቅደም ተከተል አለው። የሚቻል ከሆነ ሲቲ ስካኑ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ቢነሳ ይመረጣል፤ ናሙና የተወሰደበት ቦታ ያብጣል፣ ይደማል፣ ፎቶውንም ያደበዝዛል። ናሙናው ከላይ ብቻ የተቆነጠረ ከሆነ ከሥር ያለውን ሊያመልጥ ይችላል። ፊርሾን ያህል ሰው እንኳ መናገር የሚችሉት በእጃቸው ስለገባው ቁራሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ ናሙናው «ካንሰር የለም» እያለ እብጠቱ ካደገ፣ አውታሩ መንቀሳቀስ ካቆመ፣ ወይም ልም አጥንቱን አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ነገር ካለ ጠለቅ ያለ ናሙና እንደገና ይወሰዳል። አንዳንዴ እብጠቱ ራሱ ከልም አጥንቱ የተነሳ ይሆናል፤ የማንቁርት የልም አጥንት ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው ከክሪኮይድ የኋላ ሰፊ ክፍል ነው፤ ደግ የሆነውን ከክፉው መለየትም በትንሽ ቁራሽ ያስቸግራል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ልም አጥንት የሚያጠቃባቸው በሽታዎችም አሉ፤ ጆሮና አፍንጫ አብሮ ከቀላና ካበጠ ሐኪሙ ወደዚያ ያስባል።

በአገራችን ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዞር የሲቲ ስካን ፊልሙን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። የሚጎድለው ከፊልሙ ጋር መኖር ያለበት ወረቀት ነው፤ ምን ተሠራ፣ በየት በኩል ተገባ፣ ቱቦው ስንት ቀን ቆየ፣ የናሙናው ውጤት ምን አለ የሚለው። ከሆስፒታል ሲወጡ ይህን ወረቀት የመጠየቅ መብት አለዎት። ለወላጆችዎም ይጠይቁላቸው። በውጭ አገር የታከመ ዘመድ ካለዎት የዚያን አገር ሪፖርት አስመጥቶ ማስቀመጥ አይከብድም፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ግን ዋጋው ይታወቃል።

ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ጎርንኖ ከቀረ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደው ጉሮሮዎን በካሜራ ያስዩ። ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት ወይም ደም ከተፉ ቀን አይቁጠሩ፤ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡም ሳይጠየቁ ይናገሩ፦ አንገትዎ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ በማደንዘዣ የተሠራልዎትን ማንኛውንም ሥራ፣ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ያሳለፉትን ቀን፣ የተቆረጠውን እንጥል። ያረጀ ነው፣ ከጉሮሮዬ ጋር አይገናኝም ብለው አይተዉት፤ የ20 ዓመት ቱቦም ይነገራል።